የጋሽ መቀስ ጥርሶች የተፈረደባቸው ቀን

ጋሽ መቀስ በጥርሶቻቸው ላይ የተፈረደውን ፍርድ የሰሙት ጠዋት፣ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አንዱን ካልሲ አጥልቀው ሌላውን ሲፈልጉ ነው። የእሳቸውን ክፍልና የልጃቸውን መኝታ ቤት የሚለየው ስስ ጣውላ ነው፤ ጣውላው ብርሃን ይከለክል ይሆናል እንጂ ወሬ ከልክሎ አያውቅም።

«ሁሉንም ባንዴ ቢያስነቅሉት ይሻላል» ትላለች ምራታቸው ከወዲያ። «አንድ ባንድ ከሚሰቃዩ አንዴ ወልቆ፣ ሰው ሠራሹ ገብቶላቸው ይገላገላሉ። ቀጠሮው ለዛሬ ከሰዓት ነው፤ እኔም ከሥራ አስፈቅጃለሁ። አንተ ምን ትላለህ?»

ልጃቸው መጀመሪያ የሸሚዙን ቁልፎች ቆልፎ ጨረሰ።

«ያው አንቺ ካልሽ ይነቀላ» አለ በመጨረሻ።

ጋሽ መቀስን ያንገበገበቻቸው ይቺ «ይነቀላ» ናት። ሰው የአባቱን ጥርስ ቀርቶ የግድግዳ ሚስማር ሲያስነቅል እንኳ እስቲ መጀመሪያ ልየው ይላል። ምላሳቸውን አፋቸው ውስጥ ከላይ እስከ ታች አዞሩት። ሁሉም በየቦታቸው አሉ። ሁለት ሦስቱ ነቅነቅ ይላሉ፣ ድዱ አብጧል፣ ጠዋት ሲነሱ አፋቸው ደም ደም ይላል፤ ቢሆንም ጥርሶቹ ተሰልፈው ቆመዋል። ዕድሜ ልክ አገልግለው፣ ምን አጠፋችሁ ሳይባሉ ሊሰናበቱ ነው።

መቀስ የወጣላቸው ስም እንጂ የተጠመቁበት አይደለም። ጋሽ መቀስ ከጉርምስናቸው ጀምሮ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የስፌት መኪናቸው ዛሬም ሳሎኑ ውስጥ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች፣ የሰፈሩ ሱሪ ሁሉ የሚያጥረውና የሚጠበው እሷ ላይ ነው። እውነተኛው መቀስ ከመኪናዋ በላይ ተሰቅሎ ዝጎ ቀርቷል፤ ክር የሚበጥሱት በፊት ጥርሳቸው ነው፣ ቀጭ አድርገው፣ ጫፉን ጨርቁ ላይ አስተኝተው። አብሯቸው ይሠራ የነበረ አንድ ሰፊ ሰው ሠራሽ ጥርስ አስገብቶ ክር ሊበጥስ ሲል፣ ጥርሱ ክሩን ተከትሎ ወጥቶ የደንበኛ ሱሪ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ ሲባል ሰምተዋል። ወሬው የተጋነነ ሊሆን ይችላል። ግን ሰውየው ከዚያ በኋላ ስፌት መተዉ እውነት ነው፣ ጋሽ መቀስም ከመኪናቸው ተነስተው በረንዳ ላይ ፀሐይ የሚሞቁ ሽማግሌ መሆን አይፈልጉም።

ነገሩ የጀመረው በአንድ ፖም ነው። አምና እዚሁ ሳሎን ውስጥ ፖም ገምጠው ሲያነሱት፣ በነጩ ላይ የደም ምልክት ቀረ። ይህን ያየችው ምራታቸው ናት። ምራታቸው ደግሞ እንደማንኛዋም ምራት አይደለችም፤ የሕፃናት ማቆያ ምግብ አብሳይ ናት፣ ጥርስ ያላወጡና ገና የሚያወጡ ልጆችን ስትመግብ ነው የምትውለው። ያንን ደም እንዳየች የምታውቀውን አደረገች። ከዚያ ቀን ወዲህ እዚህ ቤት ውስጥ የሚታኘክ ነገር ወደ ጋሽ መቀስ ሳህን አልቀረበም። ካሮቱና ድንቹ ቀለማቸው እስኪጠፋ ይቀቀላሉ፣ ይፈጫሉ፣ ወተት ይጨመርባቸዋል፣ እንዲጥማቸው ደግሞ ስኳር። ዳቦው ተነክሮ ነው የሚመጣው፤ ብስኩቱም ተነክሮ ነው። ብርቱካን ያቃጥላቸዋል ተብሎ ቀረ፤ ቲማቲምም ተከተለው፣ ጎመን ጥርስ መሃል ይገባል ተብሎ ተባረረ፣ ሥጋማ ስሙም አይነሳ። ድዱ ግን ይሄ ሁሉ ሲደረግለት አልተመለሰም፤ እንዲያውም ምግቡ በላላ ቁጥር ደሙ ባሰ፣ ደሙ በባሰ ቁጥር ምግቡ ላላ። ጋሽ መቀስም የጥርስ ብሩሻቸው ቀልቶ ሲወጣ እያዩ ስለፈሩ መቦረሹን ተዉት።

ታዲያ ለምን አይናገሩም ቢባል፣ አፋቸው እንዴት ብሎ። ባለቤታቸው ያረፉ ጊዜ ልጃቸው ጭንቅላቱን ይዞ ሲቀመጥ «አባባ ብቻቸውን አያድሩም» ብላ መጥታ ልብሳቸውን የሸከፈችው እሷ ናት። መስኮት ያለውን ክፍል ለእሳቸው ለቃ፣ ባሏን ይዛ ወደ ጨለማው የገባችው እሷ ናት። ምግቡን ስታቀርብ በእጇ ጀርባ ሙቀቱን ለክታ ነው፤ ጨርሰው እስኪያስቀምጡም ማንኪያቸውን እያየች ትቆማለች። በመጀመሪያው ቀን «እጅሽ ይባረክ፣ እንዴት ይጥማል» አሉ። አንዴ እንዴት ይጥማል ያለ ሰው በሃምሳኛው ቀን አይጥምም ለማለት ከየት ይጀምራል? ስለዚህ እየዋጡ ከረሙ።

የዛሬው ቁርስ ወተት ውስጥ የሰጠመ ዳቦ ነበር። ልጃቸው ቆሞ ሻዩን ጨልጦ ወደ ሥራው በረረ፤ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነው፣ ቀኑን ሙሉ የሰው ግቢ ሲያንኳኳ ይውላል። ምራታቸው ነጠላ ጫማዋን አውልቃ የውጭ ጫማዋን እያደረገች፣ ዓይናቸውን ሳታይ፣ «አባባ፣ ከሰዓት እዚች ጥርስ ሐኪም ጋ ብቅ ብለን እንመለሳለን፤ እንዲያው ለማየት ያህል» አለች።

«ለማየት ያህል» አሉ ጋሽ መቀስ።

«አዎ፣ ለማየት።»

«ጥሩ ነው። ማየት አይከፋም» አሉና ሳህኑን ጠርገው በሉላት። እሷ ወጥታ በሩ እንደተዘጋ ኮታቸውን ደረቡ። ክር ሊገዙ እንደሚሄዱ ለግድግዳው ነገሩት፣ ክሩ ግን መኪናዋ ላይ በየቀለሙ ተደርድሮ ይታዘባቸዋል። ሐሳባቸው ቀላል ነበር። ቀድሞ ሐኪሟን ያገኘ ሰው ቀድሞ ያሳምናል።

በሰፈሩ ያለው አንድ የጥርስ ክሊኒክ ጫማ ቤት ላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ነው። መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ በመስታወት ሣጥን የፕላስተር መንጋጋዎች ተደርድረዋል፣ ሁሉም ይስቃሉ። ጋሽ መቀስ ፊታቸውን አዙረው ተቀመጡ። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ትረሳዋለች፤ በሁለት ታካሚ መሃል «ከሰዓት ቀጠሮ አለኝ፣ አሁን ለአፍታ ብቻ» ብለው ሲለምኗት ወንበሩ ላይ አስተኛቻቸው። ትንሿ መስታወት በአፋቸው ውስጥ ስትዞር ጋሽ መቀስ ጣሪያውን እያዩ ጥርሶቻቸውን አደራ ሰጡ።

«የሚገርም ጥርስ ነው» አለች ሐኪሟ። «ጥርሱ ምንም አልሆነም አባባ። ያበጠው ድዱ ነው። አጥሩ ደህና ነው፣ መሬቱ ነው የራሰው። ማን ነው የሚንከባከብዎት?»

«ምራቴ። እሷን የመሰለች የለም» አሉ ጋሽ መቀስ መስታወቷ ስትወጣላቸው፣ ጥርስ ሲመሰገን ሰምተው ልባቸው ሞልቶ። «እዚህ ታች ማቆያው ውስጥ ምግብ አብሳይ ናት።»

«እሷ ናት ምራትዎ?» ሐኪሟ ፊቷ በራ። «ልጄ እኮ እዚያ ነው የምትውለው። እቤት አልበላም እያለች አስቸገረችኝ፤ የማቆያዋን ካላመጣሽ ትለኛለች። በሉ እስቲ፣ ለእርስዎስ ምን ታበላዎታለች?»

ጋሽ መቀስ እዚህ ላይ ምራቃቸውን ዋጡ። እውነቱን ቢናገሩ ነገሩ እዚህ ክፍል ውስጥ አያድርም። ሐኪሟ ማታ ልጇን ልትወስድ ስትሄድ ከሌሎቹ እናቶች ጋር በሩ ላይ ትቆማለች፤ «የአማቷን ድድ አፈረሰችው» የምትል ቃል ከዚያ በር ላይ ከተጣለች ማን ይሰበስባታል? ምራታቸው በዚህ ዓለም ላይ የምትኮራበት አንድ ነገር ቢኖር ያበሰለችውን የሚበላ ሰው ነው። ስለዚህ ዋሹ። መዋሸት ብቻም አይደለም፣ ከጀመሩ በኋላ ጣማቸው።

«ጠዋት ብርቱካን» አሉ። «ሁለት፣ በቢላ አራት ቦታ የተከፈለ። ምሳ የተጠበሰ ሥጋ ነው፤ ዳር ዳሩ እርር ያለ፣ ስብ ጣል ያለበት። ከጎኑ ቲማቲም በቃሪያ፣ ጥሬውን። ጎመንም አለ፣ ውሃ ነካ ተደርጎ የወጣ፣ ጥርስ ሥር ቀጭ ቀጭ የሚል። ማታ ማታ ካሮት እበላለሁ፤ እሱንም ጥሬውን፣ እንደ ጥንቸል።»

ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። የደስታ ፊት ግን አልነበራትም።

«እንዲህ የሚበላ ሰው ድዱ እንዲህ አይሆንም» አለች።

«አይሆንም?»

«ድድ እንዲህ ሲያብጥና ሲደማ መጀመሪያ ከምንጠረጥራቸው አንዱ የምግብ ጉድለት ነው። እርስዎ ጋ ምንም የጎደለ ነገር ከሌለ እንግዲህ ከባዱን መፈለግ ነው፤ ስኳር ሊሆን ይችላል፣ የደም ችግር ሊሆን ይችላል። ሁሉንም እንመረምራለን። የላሉትንም ምናልባት ማውጣት ሊያስፈልግ ይችላል። ከሰዓት ከምራትዎ ጋር ሲመጡ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን።»

ጋሽ መቀስ በደረጃው ሲወርዱ መደገፊያውን ይዘው ነበር። ጥርሳቸውን ሊያድኑ መጥተው የስኳር በሽተኛ ሆነው ወረዱ። እውነቱን ከተናገሩ ምራታቸው ታፍራለች፣ ካልተናገሩ ጥርሱ ይወልቃል። ጫማ ቤቱ በር ላይ ቆመው ሁለቱን አገላብጠው አዩና፣ ሦስተኛ መንገድ ታያቸው። በላሁ ያሉትን ቢበሉትስ? የበላውን በላሁ ያለ ሰው ውሸታም አይባልም፤ ቢበዛ ጊዜውን አሳስቷል ይባላል።

መንገዱ ዳር አትክልት የምትሸጥ ሴት ሣጥን ገልብጣ ተቀምጣለች። ሁለት ብርቱካን፣ ሁለት ቲማቲም፣ አንድ ቃሪያ፣ አንድ ካሮት መረጡ። ዋጋ ሲከራከሩ የኖሩ ሰው ዛሬ የጠየቀቻቸውን ሰጥተው «ውሃ አፍስሽባቸው» አሏት።

«እዚሁ ነው የሚበሉት? ምን አስቸኮልዎት አባባ?»

«ሐኪም አዞኝ ነው» አሉ፤ ይቺ እንኳ ግማሽ እውነት ናት።

የተዘጋ ሱቅ ደጃፍ ላይ፣ ከቆመ ሚኒባስ ጀርባ ተቀመጡ። ብርቱካኑ ድዳቸውን ለበለበው፤ እንባቸው ወረደ፣ ከቃጠሎው ይሁን ከደስታው እሳቸውም አልለዩትም። ካሮቱን በላሉት በኩል አልደፈሩትም፣ በደህናዎቹ በኩል ቀስ ብለው ቆረሱት፤ ድምፁን ሲሰሙ ማን እንዳያቸው ግራ ቀኝ አዩ። ቲማቲሙ ግን ከዳቸው። ገና ሲነክሱት ፈነዳና ሸሚዛቸው አንገት ላይ ተረጨ። አላፊ አግዳሚው ሽማግሌው ምን ነክቷቸው ነው በሚል ዓይን እያየ አለፈ፣ ጋሽ መቀስም ቃሪያውን ነክሰው የጎመኑንና የሥጋውን ነገር ለእግዜር ተዉት።

ቤት ሲደርሱ ምራታቸው ቀድማ ገብታለች፤ ምሳው ጠረጴዛ ላይ ይጤሳል፣ ቀለም የለሽ፣ ልስልስ ያለ። አንገታቸውን አይታ ፊቷ ተለዋወጠ።

«አባባ፣ ደም ነው?»

«ኧረ ቲማቲም ነው» አሉ ሳያስቡት።

«የምን ቲማቲም?»

«ልጆች… መንገድ ላይ ወረወሩብኝ።»

«በእርስዎ ላይ ማን ነው ቲማቲም የሚወረውረው?» ጠጋ ብላ ሸሚዙን በእርጥብ ጨርቅ ስታብስ አፍንጫዋ ሥራ ላይ ነበር። የብርቱካን ሽታ ከጢማቸው ውስጥ ይመጣል። ልጆች ቲማቲም ሊወረውሩ ይችላሉ፣ ብርቱካን ግን ጢም ውስጥ አይወረወርም። ሳህኑን አስጠጋችላቸውና ማንኪያቸውን እያየች ቆመች፣ እሳቸውም በላዩ ላይ ጨምረው በሉት። ወደ ክሊኒኩ ሲሄዱ መንገዱን ሙሉ ሁለቱም ስለ አየሩ ብቻ ተነጋገሩ።

ሐኪሟ ምራታቸውን ስታይ ከወንበሯ ተነሳች። «እርስዎን ማግኘት ፈልጌ ነበር። ልጄ ስምዎን ስትጠራ ነው የምታድረው። አባባም ጠዋት ምግብዎን ሲነግሩኝ እኔ ራሴ ራበኝ።»

«ጠዋት?» አለች ምራት።

«ጠዋት ብቅ ብለው ነበር። ብርቱካኑ፣ የተጠበሰው ሥጋ፣ ቲማቲም በቃሪያው፣ ለብለብ ያለው ጎመን… እንዲህ እየተንከባከቧቸው ድዳቸው ለምን እንደዚህ እንደሆነ ነው ያልገባኝ።»

ምራታቸው ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ እንዳደረገች ዞራ አየቻቸው። ጋሽ መቀስ ወንበሩ ላይ ተንጋለዋል፣ ደረታቸው ላይ ወረቀት ተለጥፎ። ሸሚዙ ላይ የነበረውን ቲማቲም፣ ጢሙ ውስጥ የነበረውን ብርቱካን፣ ቲማቲም ወርዋሪዎቹን ልጆች አንድ ላይ ስትገጣጥማቸው ፊቷ ላይ ይነበብ ነበር።

«ዶክተር፣ ይሄ ምግብ የኔ አይደለም» አለች ዝግ ብላ። «አባባ ሌላ ቤት ነው የሚበሉት። የምታበላቸው ሌላ ሴት አለች።»

ሐኪሟ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ ሽማግሌውን እንደ አዲስ አየቻቸው። እዚህ ላይ ጋሽ መቀስን መታዘብ ይቻላል፤ ደስ አላቸው። በዚህ ዕድሜያቸው፣ በዚህ ድዳቸው፣ በሴት ተጠረጠሩ። ነገሩም ተቃናላቸው፤ የምራታቸው ምግብ ስሙ አልተነካም፣ እሳቸውም አልዋሹም፣ የሌለችዋ ሴት ጥፋቱን ሁሉ ተሸክማላቸው ልትሄድ ነው። የተንጋለለ ሰው በሚችለው መጠን ትከሻቸውን አስተካከሉ።

«ካልጣመዎት ይነግሩኝ ነበር እኮ» አለች ምራታቸው። «እኔ ከሥራ መልስ ቆሜ፣ አንዲት ክር እንዳትቀርበት ብዬ በወንፊት ሳጠልለው… እንዳይቆስልብዎ ብዬ እኮ ነው። የሰው ቤት ተመጋቢ ያደረግሁዎት እኔ ነኝ ማለት ነው።»

ዓይኗ ሞልቶ ወደ መስኮቱ ዞረች። ጋሽ መቀስ የባለቤታቸውን ቀብር ጨምሮ ይቺን ልጅ ስታለቅስ አይተዋት አያውቁም፤ ያን ጊዜ ለሁሉም ሻይ ስታቀርብ ነው የዋለችው። ጥርሱ ገደል ይግባ አሉ በልባቸው፣ ተነስተውም ተቀመጡ።

«ሌላ ቤት የለም ልጄ» አሉ። «ሴትም የለችም፣ በዚህ አፌ ማን ትቀበለኛለች? ቲማቲሙንም ዛሬ መንገድ ላይ ነው የበላሁት፣ ውሸቴን ለማስተካከል። ጠዋት ለሐኪሟ የነገርኳት የበላሁትን አይደለም። የሚያምረኝን ነው።»

ሐኪሟ የምራቅ መምጠጫዋን ቱቦ አጠፋች።

«እሺ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የበሉትስ ምንድን ነው?»

የመለሰችው ምራታቸው ናት። ጀርባዋን አቅንታ፣ እንደ ተማሪ፣ ምንም ሳትደብቅ ተናገረች። ድንችና ካሮቱ ምን ያህል እንደሚቀቀሉ፣ እንዴት እንደሚፈጩ፣ ወተቱን፣ ስኳሩን፣ የተነከረውን ዳቦና የተነከረውን ብስኩት። ፍራፍሬ ስትባል ራሷን ነቀነቀች። እየተናገረች ሳለ ነገሩ ለራሷም ይሰማት ጀመር፤ መጨረሻው ላይ ስትደርስ ድምፅዋ አይሰማም ነበር።

«ልጄ ማቆያው ውስጥ ብርቱካን ትበላለች አይደል?» አለች ሐኪሟ።

«በየቀኑ። ለልጆቹ ፍራፍሬ ሳልሰጥ ውዬ አላውቅም» አለች። «ለአባባ ግን ይለበልባቸዋል ብዬ…»

«ይለበልባል፣ አዎ። ግን ድድም ይራባል። ብርቱካኑ፣ ቲማቲሙ፣ ቃሪያው ውስጥ ያለውን ቫይታሚን ሲ ካጣ ይላላል፣ ትንሽ ሲነካ ይደማል። አትክልቱም ያን ያህል ሲቀቀል ያለውን ውሃው ውስጥ ጥሎት ይመጣል። ከዚያ ደግሞ ስኳሩና ያ ልስልሱ ነገር ጥርስ ሥር ተለጥፎ ሲቀር፣ እሳቸውም ፈርተው መቦረሽ ሲተዉ፣ ቆሻሻው ተጠራቅሞ ድዱን ያቆስለዋል። ምግብ ብቻውን ሁሉን አያድንም፣ ግን ያለ እሱም አይድንም።» ወደ ሽማግሌው ዞረች። «ዛሬ የምንነቅለው ጥርስ የለም። አጥበን እናጸዳዋለን፤ በለስላሳ ብሩሽ ቢደማም ሳይፈሩ ይቦርሻሉ። ከታች የኋለኛዋን አንዷን ብቻ ቃል አልገባላትም፣ ተመልሰው ሲመጡ እናያታለን። የደም ምርመራውንም ያድርጉ፣ ለማንኛውም።»

እጥበቱ እንደ ስሙ ቀላል አልነበረም። ጋሽ መቀስ የወንበሩን ክንድ እንደጨበጡ፣ ሰፊ ሆነው የወጓቸው መርፌዎች ሁሉ ዛሬ ተሰብስበው እንደተመለሱባቸው ተሰማቸው። ምራታቸው ግን አልወጣችም። ቆማ፣ ሐኪሟ የምትነካውን ሁሉ እያየች፣ ጤነኛ ድድ ምን እንደሚመስል፣ የታመመው በምን እንደሚለይ ትጠይቅ ነበር። ሐኪሟም እያሳየች ነገረቻት፤ ጤነኛው ቆንጠጥ አድርጎ ይይዛል፣ ጠርዙ ስል ነው፣ ሲነኩት አይደማም።

ወጥተው ሲሄዱ የአየሩም ወሬ አለቀ። ጋሽ መቀስ ይቅርታ የሚለውን ቃል ከየት በኩል እንደሚያስገቡት ሲፈልጉ፣ እሷ በድንገት ወደ አትክልት ሻጯ ታጥፋ ሣጥኗ ፊት ቆመች።

«ሐኪሙ ያዘዘልዎት ተስማማዎት አባባ?» አለች ሻጯ እያየቻቸው። «ጠዋት እዚያ ሚኒባስ ጀርባ እንባዎትን እየጠረጉ ሲበሉ አዝኜልዎት ነበር።»

ምራታቸው ሚኒባሱ የቆመበትን ባዶ ቦታ አየች፣ ከዚያ እሳቸውን አየች። ጋሽ መቀስ ኮታቸውን ቆለፉ። መጀመሪያ ከንፈሯን ነከሰች፣ ከዚያ ሳቋ አመለጣት፤ የመንገዱ ሰው ዞሮ እስኪያይ ድረስ ሳቀች፣ በመሃልም ዓይኗን ጠረገች። «እንደ ሌባ፣ ከመኪና ጀርባ» አለች። «የኔን ምግብ ፈርተው።» እሳቸውም ባበጠ አፋቸው ሳቁ፣ ይቅርታውም በዚያው አለፈ። ለሐኪሟ የዘረዘሩትን ምግብ መልሰው እንዲነግሯት አዘዘቻቸው፤ እሳቸው ይጠራሉ፣ እሷ እያነሳች ዘንቢል ውስጥ ታስገባለች። ሥጋ ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ «ዳር ዳሩ እርር ያለ ነው ያሉት?» ብላ ጠየቀች፣ ምንም እንዳይቀር።

ማታ ልጃቸው ባዶውን የምሳ ዕቃ በብብቱ ይዞ ሲገባ የሌላ ሰው ቤት የገባ መሰለው። ጠረጴዛው ላይ ቀለም አለ። ቀይ አለ፣ አረንጓዴ አለ፣ አራት ቦታ የተከፈለ ብርቱካን አለ። ሥጋው ለላሉት ጥርሶች ተብሎ በትንንሹ ተቆርጧል፣ ሽታው ግን በሙሉ አለ።

«እንግዳ ነበረ እንዴ?» አለ።

«አዎ፣ አባባ ናቸው እንግዳው» አለች ሚስቱ። «ታጠብና ቅረብ።»

ጋሽ መቀስ የመጀመሪያዋን ቁራሽ በደህናዎቹ በኩል አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ያማል፤ ማመሙን ማንም አልካደም። ግን ሲያኝኩ መንጋጋቸው ያስታውስ ጀመር፣ ቃሪያው አፍንጫቸው ድረስ ወጣ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ምሳቸውንና እራታቸውን ለይተው የበሉ መሰላቸው። ምራታቸው የሐኪሟን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለባሏ ተረከችለት፣ ጥፋቷን ሳትቀንስ። እሱም «እህ» እያለ ይጎርሳል። ትረካው ያንን የተፈጨ ምግብ ሲበሉ የከረሙ ሰዎች ድድ ምን እንደሚሆን ላይ ሲደርስ ግን እሷ ቆም አለች። ባሏን አየችው። ቆይታም አየችው።

«አንተም እኮ ከዚያው ድስት ነው የምትበላው» አለች።

«አዎ» አለ እሱ፣ አፉ ሞልቶ።

«ምሳም የምቋጥርልህ ከዚያው ነው። ጠርገህ ነው የምታመጣው።»

«ጥርግ አድርጌ። እጅሽ ይባረክ እያልኩ።»

«አፍህን ክፈት።»

«ምን?»

«ዋጥና ክፈት።»

የስልኳን መብራት አብርታ አገጩን ያዘችው። ከላይ አየች፣ ከታች አየች፣ ከንፈሩን በአውራ ጣቷ ገልብጣ ጥጉን አየች፤ ልክ ዛሬ ከሰዓት ቆማ እንዳየችው፣ አንድ ባንድ። ድዱ ቆንጠጥ ብሎ ይዟል። ጠርዙ ስል ነው። በጥፍሯ ነካ አደረገችው፣ አንዲት ጠብታ ደም አልወጣም። መብራቱን አጠፋችና ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«የማን ምግብ ነው ይሄን ድድ ያቆመው?» አለች። «የኔንስ ምሳ ማን ነው የሚበላልህ?»

ልጁ ወደ አባቱ ዞረ። ዓይኑ እንዲህ ሲለምን ጋሽ መቀስ ያዩት በሕፃንነቱ ነው፣ ብርጭቆ ሰብሮ እናቱ ስትመጣ። አዘኑለት፤ አንዲት ቃል ጣል አድርገው ሊያወጡት ይችሉም ነበር። ነገር ግን ገና አሁን ሁለተኛዋን ቁራሽ ጎርሰዋል፣ ሐኪሟም ቀስ ብለው ያኝኩ ብላቸዋለች፣ እሳቸውም ቀስ ብለው ያኝኩ ጀመር።